ዲጋ የቀረው ጃንጥላ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ንግግሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ልጆቹ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ፈታሁት። ጃንጥላ ነው። ጥቁር፣ እጀታው የእንጨት፣ ደህና ጃንጥላ። እኔ ግን ክው አልኩ። እጄ ከዳኝና ጃንጥላው ወለሉ ላይ ወደቀ። ሲያጨበጭቡ የነበሩት ልጆች እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

"እትዬ ወይንሸት፣ ቅር አሰኘንዎት እንዴ?" አለ ኤባ፣ አሁን በእኔ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ። "ለቀልድ እኮ ነው። 'የጃንጥላው ቤት' ስለሚሉን…"

"አይ፣ ዕድሜ ነው። እጄ እንዲህ ያደርገኛል" ብዬ ዋሸሁ። ኬኩን ቆረስኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ጃንጥላው በር ጀርባ ቆሞ ያየኛል። እነዚያ ልጆች የሰጡኝ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ልንገራቸው።

የሠራሁበት ቤት አሳታሚ ነው። ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጉራጌ ነጋዴ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ በሁለት ክፍል የተጀመረ። መንግሥትም ቤተ ክርስቲያንም ድርጅትም ከጀርባው የለም፤ ከጀርባው የነበረው የሱቁ ደብተር ክምር ብቻ ነው። የሚያሳትመው እውነተኛ ታሪክ ነው። የአውቶቡስ ሾፌር የመንገድ ትዝታ፣ የማንጎ ገበሬ ስለ ዛፎቹ የጻፈው፣ የሆስፒታል ወጥ ቤት የሠሩ እናት የሕይወት ታሪክ። አንዳንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዳንዱ በአማርኛ። መጽሐፉ አዲስ አበባ ይታተምና በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ እኛ መናኸሪያ ሄደን እንደ ዘመድ እንቀበለዋለን። በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ደግሞ "ቆይታ ከደራሲው ጋር" የሚል ክፍል አለ። እሱ የእኔ ሥራ ነበር።

አባቴ ከጎጃም የመጡ ሾፌር ናቸው፤ እኔ ግን ነቀምት ተወልጄ ያደግኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ የምሳደብ ሰው ነኝ። ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ደብዳቤ ስጽፍ፣ ግልባጭ ስቆጥር አሥር ዓመት ሞላኝ። ደመወዙ እንዳልሞትም እንዳልኖርም የሚያደርግ ነበር፤ ስለ እሱ ይኸው ይበቃል። አሳታሚው ጸሐፊ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። የቤቱ መሥራች ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ በፀሐይም በዝናብም ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው።

ለፈተና አንድ ካሴት ሰጡኝና "የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ" አሉኝ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ጽፌ፣ በራሴ ኮርቼ ሰጠኋቸው። አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"ዝምታው የታለ?"

"የምን ዝምታ?"

"ሰውየው ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ ሦስት ጊዜ ዝም ብሏል። የታለ? የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ አልኩሽ እኮ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ዝም ሲል ባዶ መስመር መተው ተማርኩ። ትንሽ ዝም ካለ አንድ መስመር፣ ብዙ ዝም ካለ ሁለት ሦስት። ኦቦ ገመቹ ጽሑፉን ሲያርሙ ከቃሉ ይልቅ ባዶውን ነበር የሚያዩት።

ሌላም አስተማሩኝ። ቴፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ መሀረብ ይነጠፍ፤ አለዚያ ሻይ በተቀመጠ ቁጥር ይንኳኳል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መጽሐፉ አይሁን፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ግቢው ዛፍ ይሁን። ከሁሉ የባሰው ግን የጃንጥላው ነገር ነው።

መጀመሪያ አብሬያቸው የወጣሁት አንድ ጡረተኛ ሾፌር ቤት ነበር። ቆይታው አልቆ ስንወጣ ጃንጥላቸው በሩ ጋ ቆሟል። ሮጬ አንስቼ አመጣሁላቸው። እንዴት እንደተቆጡ! "መልሺ! ቶሎ መልሺ!" ሰውየው ሳያየኝ መልሼ አቆምኩት። በማግሥቱ ብቻቸውን ሄደው ጃንጥላቸውን ሲወስዱ የሾፌሩ እህት በር ላይ ቆማ፣ ሾፌሩ በሦስት ሰዓት ቆይታ ያልነገረንን አደጋ ነገረቻቸው። ሰምቼ አፌን ያዝኩ።

"ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚነግርሽ ለሕዝብ ነው" አሉኝ። "በር ይዞ፣ ቆሞ የሚነግርሽ ግን ላንቺ ነው። ደግሞ ስትመለሺ የሚከፍትልሽ ሌላ ሰው ነው። ሚስት ናት፣ እህት ናት። ትናንት ሻይ ስታቀርብ የነበረችው። እሷን ስሚ።"

"ይሄማ ሰው ማታለል ነው፣ ኦቦ ገመቹ።"

ሳቁ። "ማታለል የሚሆነው ሳይመለሱ ሲቀሩ ነው።"

የቤታችን ሕግ ከዚህ ወጣ። ረቂቅ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ደራሲው ቤት ሁለተኛ መሄድ ግድ ነው። ከተመለስን በኋላ የረቂቁ ሽፋን ላይ በእርሳስ "ተመልሰናል" ብለን እንጽፋለን። ይህ ቃል የሌለበት ረቂቅ አይታተምም። ነገሩ ከነቀምት አልፎ በየከተማው ታወቀ። ዲጋም ኡኬም "የጃንጥላው ሰውዬ" ማለት እሳቸው ናቸው። ጃንጥላ ሳልይዝ ስሄድ የቤቱ ሴቶች "ዛሬ የምትረሺው የለሽም?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ለሰዉ ጃንጥላ ረስቶ መሄድ "እመለሳለሁ፣ አንቺንም እሰማለሁ" እንደማለት ሆነ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ኦቦ ተሾመ የዲጋ ሰው ናቸው። በወለጋ ክሊኒኮች ሲዘዋወሩ የኖሩ ድሬሰር፤ ቁስል ያጠቡ፣ መርፌ የወጉ፣ ሐኪም በሌለበት ሐኪም የሆኑ። ትዝታቸውን ጽፈው አመጡልን። ጥሩ መጽሐፍ ነበር። በተለይ አንዱ ምዕራፍ የሚያነበውን ሁሉ ያስለቅሳል። አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወደ ክሊኒክ ስትመጣ መንገድ ላይ ይብስባታል፤ የልጁ እግር ቀድሞ ወጥቷል። ኦቦ ተሾመ በዶፍ ዝናብ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ያዋልዷታል። እናትም ልጅም ይተርፋሉ።

ለቆይታው በክረምት ዲጋ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ኩላሊታቸውን ታመው አዲስ አበባ ለሕክምና ሊሄዱ ነበርና ብቻዬን ነበርኩ። ኦቦ ተሾመ ሱፍ ለብሰው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ሻይ አቀረቡና ከበሩ አጠገብ ካለች ዱካ ላይ ተቀመጡ። በዚያው ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ትንሽ ሴትዮ፣ እጃቸው ግን ትልቅ። መሀረቤን አንጥፌ፣ ቴፑን አስቀምጬ፣ ስለ ግቢው ዛፍ ጠየቅሁ። ከዚያ የማንጎውን ምዕራፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

"ዝናብ አልነበረም" አሉ አዴ ጫልቱ ከበሩ ጋ።

ኦቦ ተሾመ ዘወር አሉ። "ኤዬ? እንዴት?"

"ፀሐይ ነበር። ጥላ ፍለጋ አይደል ማንጎው ሥር የገባነው?"

"እውነትሽን ነው፤ ፀሐይ ነበር" አሉ እሳቸው። ዝናቡን ሰርዤ ፀሐይ አደረግሁ። ማንበቤን ቀጠልኩ። ሕፃኑን በጋቢ ጠቀለልነው የሚለው ጋ ስደርስ፣ "ጋቢ ሚቲ፣ ጋቢ አይደለም፤ ሻሽ ነው" አሉ። ጋቢውን ሰረዝኩ። የልጁ ግራ እግር ቀድሞ ወጣ የሚለው ጋ ስደርስ ደግሞ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ "ቀኙ" አሉ።

ኦቦ ተሾመ ዝም አሉ። አዴ ጫልቱም ዝም አሉ። እኔ "ቀኝ" ብዬ ጻፍኩ፤ በኅዳጉም "ባለቤታቸው አረሙ" ብዬ አሰፈርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር! እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው መጽሐፍ ልናወጣ ነው ብዬ ነበር የኮራሁት። ዝምታ ስቆጥር የኖርኩ ሴትዮ ያቺን ዝምታ አንድ መስመር እንኳ አልተውኩላትም።

ስጨርስ ሚኒባሱ ከመንገድ ጥሩምባውን ይነፋል። ሲጥል የዋለው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። ሮጥኩ። ነቀምት ስገባ ነው ጃንጥላዬ ትዝ ያለኝ። ሆን ብዬም በዘዴም አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ረሳሁት። ጨርቁ አንድ ጎኑ የተቀደደ፣ ቡናማ፣ አሮጌ ነገር ነበር።

ኦቦ ገመቹ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ፣ "ጃንጥላሽን ተውሽ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ጎበዝ! መቼ ትመለሻለሽ?"

"ሰሞኑን።"

አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ተራችሁ ደርሷል ብሎ ስልክ ደወለ። ዲጋ ደርሶ መምጣት አንድ ቀን ነው። ጭቃው ታየኝ፣ ድካሙ ታየኝ። እርሳሴን አንስቼ የረቂቁ ሽፋን ላይ "ተመልሰናል" ብዬ ጻፍኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የጻፍኳት ብቸኛ ልብ ወለድ ያቺ ቃል ናት።

መጽሐፉ ወጣ። አንድ ምዕራፉ በሬዲዮ ተነበበ፤ የማንጎው። የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። መድረክ ላይ ኦቦ ተሾመና እኔ ተቀምጠን በማይክሮፎን እንጨዋወታለን። ከሕዝቡ ጥያቄ ስንል አንዲት ሴትዮ ተነሱ። ከጎናቸው መለሎ ጎልማሳ ቆሟል።

"ሎሚ እባላለሁ" አሉ። "ከኡኬ ነው የመጣሁት። ማንጎው ሥር የወለድኩት እኔ ነኝ። ልጁም ይኸው።"

አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። ኦቦ ተሾመ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። አዴ ሎሚ ወደ መድረኩ መጡ፤ ጎንበስ ብለው ሰላም አሏቸው፤ ከዚያ አለፏቸው። አልፈው ወርደው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አዴ ጫልቱ ፊት ተንበረከኩና "ሀርከ ኬ! እጅሽን ስጪኝ!" ብለው እነዚያን ትልልቅ እጆች ይስሙ ጀመር። "ዋቃዮ ይስጥሽ! በዚህ እጅሽ ነው! እሳቸውማ ፊታቸውን አዙረው ነበር፣ ደም ማየት አቅቷቸው!"

ጭብጨባው ቆመ። ማይክሮፎኑን ወደ አዴ ጫልቱ ወሰዱላቸው። ባላቸውን ከሩቅ አዩ። እኔንም አዩኝ።

"ኢሳቱ ዴሲሴ" አሉ። ከዚያም በአማርኛ፣ "እሳቸው ናቸው ያዋለዷት። እኔ ውሃ አቀባይ ነበርኩ።"

ሰዉ ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ! "እናመሰግናለን አዴ ጫልቱ፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ" አልኩ። እንዲህ አልኩ እኔ። እዚህ አገር ተወልጄ፣ ጨዋ ሚስት ባሏን በሰው ፊት እንደማታዋርድ እያወቅሁ፣ ያሉትን እንደ እውነት ተቀበልኩ።

ሲወጡ አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ያዙኝ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጃንጥላሽ እኛ ቤት ነው። መቼ ነው የምትወስጂው?"

"አይ አዴ ጫልቱ፣ አሮጌ እኮ ነው! ይጠቀሙበት።"

እጄን አልለቀቁም። "የሰው ዕቃ እንዴት ይነካል? ትመጫለሽ" አሉና ሄዱ።

ኦቦ ገመቹ ከሕክምና ሲመለሱ መጽሐፉንም ረቂቁንም አስቀርበው አነበቡ። ኅዳጉ ላይ ያለችው ጽሑፌ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ቀኝ እግር መሆኑን ማን ነገረሽ?"

"ባለቤታቸው።"

"እሷ በምን አወቀች?"

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ያልገባኝ፣ በገዛ እጅ ጽሑፌ ገባኝ። ከዳር ቆሞ የሚያይ ሰው 'እግር ወጣ' ይላል፤ ቀኝ ነው ግራ ነው የሚለው በእጁ የያዘው ነው። ኦቦ ገመቹ ሽፋኑን ገለበጡና "ተመልሰናል" የምትለውን ቃል ረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ተመልሰሻል?"

"አልተመለስኩም።"

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ላጲስ ከመሳቢያ አውጥተው ቃሏን ራሳቸው አጠፏት። "ነገ ሂጂ" አሉ።

ነገ አልሄድኩም። አፈርኩ። ምን ብዬ ነው በሩን የማንኳኳው? ሳምንቱ ወር ሆነ። ኦቦ ገመቹ እንደገና ተኙ፤ አልተነሱም፤ ቀበርናቸው። መጽሐፉ አለቀና ሁለተኛ ታተመ፣ እንደነበረው፣ በእኔ ፈቃድ። ከዚያ መንገዱ አንዴ የሚከፈትበት አንዴ የሚዘጋበት ዘመን መጣ። መንገድ ተዘግቶብኝ ነው ብል ማንም ያምነኛል። ሲከፈትም ግን አልሄድኩም።

አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የኦቦ ተሾመ ልጅ ሌንሳ ናት። እናቷ አርፈዋል።

ለለቅሶ ዲጋ ሄድኩ። ድንኳን ተጥሏል፣ መዝሙር ይዘመራል። ኦቦ ተሾመ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። "ያጽናዎት" ብዬ ሳልጨርስ ሌንሳ በክንዴ ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ። የገባሁት በዚያው በር ነው። ከዱካዋ በላይ፣ ሚስማር ላይ፣ ቡናማው ጃንጥላዬ ተሰቅሏል። የተቀደደው ጎኑ በጥሩ ክር ተሰፍቷል።

እጄን ዘርግቼ ስፌቱን ነካሁት።

"ማንንም አታስነካም ነበር" አለች ሌንሳ። "ዝናብ ሲመጣ እንኳ ላውርደው ስንላት፣ 'ተዉት፣ ባለቤቷ ትመጣለች' ትላለች። 'ሆን ብላ ነው የተወችው፤ ብቻዋን ስትመጣ የምነግራት አለኝ' ትላለች። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር በሩ ላይ ትወጣ ነበር።"

እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። ለቀስተኛው ለሟች መሰለው። ሆን ብዬ አልነበረም እኮ! ረስቼው ነው! ይህን ለማን ልበል? ሴትዮዋ የእኔን መርሳት ቃል ኪዳን አድርገው ስንት ዓመት ጠበቁኝ።

ኦቦ ተሾመ ከበስተኋላዬ መጥተው ቆመዋል። በሩን ይዘዋል።

"ወይንሸት" አሉ። "እኔ አልነበርኩም። ፊቴን ማንጎው ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። እሷ ናት። መጀመሪያ አለቆቼ ሲጠይቁኝ እኔ ነኝ አልኩ፤ የጽዳት ሠራተኛ አዋለደች ቢባል ሁለታችንንም ያባርሩን ነበር። ከዚያ ለሰው ሳወራው፣ ሳወራው፣ ራሴም አመንኩት።"

"እሳቸውስ ምንም አላሉዎትም?"

"አንድ ጊዜ ብቻ። 'ላንተ ስል አልናገርም፤ ለመጽሐፉ ስል ግን ለጃንጥላዋ ልጅ እነግራታለሁ' አለችኝ። 'ንገሪያት' አልኳት። ይኸው አልመጣሽም።"

ከጡረታዬ በፊት የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ የዚያ መጽሐፍ ሦስተኛ እትም ነው። ምዕራፉን ኦቦ ተሾመ ራሳቸው እንደገና ጻፉት፤ ፊታቸውን ያዞሩበትን ሳይቀር። አዴ ሎሚም ከኡኬ መጥተው የሚያስታውሱትን ጨመሩ። መጨረሻው ላይ "ቆይታ ከአዴ ጫልቱ ጋር" የሚል ክፍል አስገባሁ። ኤባ ገጹን ኮምፒውተር ላይ ሲያቀናጅ ግራ ገብቶት መጣ።

"እትዬ፣ ጥያቄዋ ብቻ ናት የመጣችልኝ። መልሱ የት አለ?"

"ባዶውን ተወው።"

"ስንት መስመር?"

"ገጹን በሙሉ።"

ይኸው ነው፤ ልጆች፣ ጃንጥላው ለምን ከእጄ እንደወደቀ። ገጹን ከፍታችሁ እዩት። ከላይ አንዲት ጥያቄ ናት ያለችው፤ ዱካዋ ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ፣ ልጠይቃቸው ይገባኝ የነበረች፦ "አዴ ጫልቱ፣ ቀኝ እግሩ መሆኑን እርስዎ በምን አወቁ?"